የደጋ እስትንፋስ፦ ከፍታ፣ ደምና ሕመም በፊዚክስ ዓይን

በጎንደር ከተማ ንፍሮ የሚቀቅል ሰው የጣደው ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ ከመሰለው ተሳስቷል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃው የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ደባርቅንም አልፈን ወደ ስሜን ተራሮች ከወጣን በኋላ በ3500 ሜትር ከፍታ ላይ ብንቀቅል ደግሞ የፈላው ውኃ ሙቀት ከ89 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። የደጋ ባለቤት ባቄላው አልበስል ብሎ ማገዶ ሲያስፈጃት ጥፋቱ የባቄላውም የማገዶውም አይደለም፤ የአየሩ ግፊት ማነስ ነው።

ያው ድስቱን ያዘገየ አየር ወደ ሳንባም ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ልንዳስሰው የምንሞክረውም ይህንኑ ጉዳይ ነው፤ የሳሳ አየር በጤነኛ ሰው፣ ይልቁንም በታመመ ሰው አካል ውስጥ ምን ያስከትላል? የነርስነት ተማሪዎች ፓቶፊዚዮሎጂ በሚባለው ትምህርት የሰውነት መደበኛ አሠራር በበሽታ እንዴት እንደሚዛባ ይማራሉ። ብዙዎቹ የምልክቶችን ዝርዝር በቃል ሲያጠኑ እናያለን። እኛ የፊዚክስ መምህራን ደግሞ ከዝርዝሩ ጀርባ ግፊትን፣ ፍሰትንና ብርሃንን የሚገዙ ጥቂት ሕጎች እንዳሉ ለማሳየት እንወዳለን። ሕጉን የተረዳ ተማሪ ምልክቱን ቢረሳ እንኳ አስቦ ይደርስበታል።

ጉዳዩ ለጎንደር ባዕድ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ሲልክ ዓላማው ትምህርቱ ከሚያገለግሉት ሕዝብ ኑሮ ጋር እንዲገጥም ነበር። ነገር ግን በዓለም ዙሪያ የሚነበቡት የሕክምና መጻሕፍት «መደበኛ» የሚሏቸው ቁጥሮች በአብዛኛው የተለኩት በባሕር ወለል አቅራቢያ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። በዳባት፣ በደባርቅ ወይም በጃናሞራ ጤና ጣቢያ የሚመደብ ነርስ እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ሊወስዳቸው ይገባልን?

የአየሩ ሒሳብ

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ አባባል እናርም። «ደጋ ላይ ኦክስጅን ያንሳል» ሲባል ብዙ ሰው በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የቀነሰ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በምጽዋም ሆነ በራስ ደጀን ጫፍ ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው ጠቅላላ ግፊቱ ነው። በአውድማ የተከመረ ነዶ ከሥር ያለው ከላይ በተጫነው ክብደት ተጨፍልቆ ይጠቀጠቃል፤ ከላይ ያለው ግን ልል ነው። አየርም እንዲሁ ክምር ነው። እኛ የምንኖረው ከክምሩ ግርጌ ላይ ሳይሆን ከፍ ብለን ነው።

የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በጎንደር ወደ 590፣ በ3500 ሜትር ወደ 500፣ ከ4500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ደጀን ጫፍ ደግሞ ወደ 440 ገደማ ይወርዳል።

አየር በአፍንጫና በጉሮሮ ሲያልፍ ይሞቃል፤ በውኃ ተንም ይሞላል። የዚህ ተን ግፊት በሰውነት ሙቀት 47 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በከፍታ አይለወጥም። ለሀብታሙም ለድኻውም እኩል እንደተጣለ ቀረጥ ነው፤ ክብደቱ የሚሰማው ባነሰው ላይ ነው። ቀረጡን ቀንሰን ቀሪውን በ21 በመቶ ብናባዛ ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ወለል 150፣ በጎንደር 114፣ በ3500 ሜትር ደግሞ 95 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይሆናል። በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ከደሙ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቦታ ስለሚሻማ ግፊቱ እንደገና ይቀንሳል። ሰውነት እስትንፋሱን አፍጥኖ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በብዛት ቢያስወጣም በከረጢቶቹ ውስጥ የሚቀረው የኦክስጅን ግፊት በቅደም ተከተል 100፣ 70 እና 58 ገደማ ነው።

አምባውና ገደሉ

ኦክስጅን በደም ውስጥ የሚጓዘው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ ተጭኖ ነው። አንዱ የሄሞግሎቢን ሞለኪውል አራት የኦክስጅን ሞለኪውሎችን ይሸከማል። ከጠቅላላው የመሸከሚያ ቦታ ምን ያህሉ እንደተያዘ የሚገልጸው መቶኛ የኦክስጅን ሙሌት ይባላል።

ሙሌቱ ከግፊቱ ጋር በቀጥታ መሥመር አይሄድም። የሁለቱን ዝምድና በግራፍ ብንሥለው የምናገኘው የስሜንን መልክዓ ምድር የሚመስል ነገር ነው፤ ከላይ የተንጣለለ አምባ፣ ከጠርዙ በታች ደግሞ ቁልቁል የሚወርድ ገደል። ግፊቱ 100 ሲሆን ሙሌቱ ወደ 98 በመቶ፣ 70 ሲሆን ወደ 94 በመቶ፣ 60 ሲሆን ወደ 90 በመቶ ነው። እስከዚህ ድረስ አምባው ላይ ነን፤ ግፊቱ በ40 ቢቀንስ እንኳ ሙሌቱ የቀነሰው በ8 ብቻ ነው። ከ60 በታች ግን ገደሉ ይጀምራል። ግፊቱ 40 ሲሆን ሙሌቱ 75 በመቶ ነው።

ይህ ለበሽታ ምን ትርጉም አለው? ለንጽጽር ያህል ሁለት ሰዎች እናስብ። አንዱ በባሕር ወለል፣ ሌላው ከቆላ መጥቶ በ3500 ሜትር ላይ ይገኛል። ሁለቱም ታመው በደማቸው ያለው የኦክስጅን ግፊት በ15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢቀንስ፣ የመጀመሪያው ከ100 ወደ 85 ይወርዳል፤ ሙሌቱም 96 በመቶ አካባቢ ስለሚሆን ብዙም አይሰማውም። ሁለተኛው ግን ከ58 ወደ 43 ይወርዳል፤ ሙሌቱ ከ89 ወደ 78 በመቶ ያሽቆለቁላል። የሕመሙ መጠን አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ በአምባው መካከል፣ ሌላው በጠርዙ ላይ ቆሞ መገፋቱ ነው።

አንድ ቀመር፣ አራት ሕመሞች

ወደ አካል ክፍሎች የሚደርሰው ኦክስጅን የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ ልብ በደቂቃ የምትረጨው የደም መጠን፣ በደሙ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢንና የሄሞግሎቢኑ ሙሌት። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 1.34 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሸከማል። በአንድ ዴሲሊትር ደሙ 15 ግራም ሄሞግሎቢን ያለው፣ ሙሌቱም 98 በመቶ የሆነ ሰው በየዴሲሊትሩ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ደም ቢረጭ 1000 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ያከፋፍላል ማለት ነው። በዕረፍት ላይ ያለ አካል የሚፈጀው ወደ 250 ስለሆነ መጠባበቂያው ሰፊ ነው። በርካታ የታወቁ ሕመሞች ከእነዚህ ሦስት ተባዢዎች በአንዱ ላይ የሚደርሱ ጥቃቶች ናቸው።

የመጀመሪያው የሳንባ ምች ነው። ተሕዋስያን የአየር ከረጢቶቹን ሲያጠቁ ከረጢቶቹ በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ። በእነዚህ ከረጢቶች አጠገብ የሚያልፈው ደም ኦክስጅን ሳይጭን ባዶውን ተመልሶ ከተጫነው ደም ጋር ይቀላቀላል። የሚወድቀው ሙሌቱ ነው። በምች የተያዘ ሕፃን ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰውም አካሉ ጉድለቱን ለማካካስ ስለሚታገል ነው።

ሁለተኛው ደም ማነስ ነው። በብረት እጥረት፣ በመንጠቆ ትል፣ በወባ ወይም በወሊድ ጊዜ ደም መፍሰስ ምክንያት ሄሞግሎቢኑ ወደ 7 ግራም የወረደ ሰው ሙሌቱ 98 በመቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በየዴሲሊትሩ የሚይዘው ኦክስጅን 9.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። መኪኖቹ ሁሉ ሞልተው ይጓዛሉ፤ ችግሩ መኪኖቹ ጥቂት መሆናቸው ነው። ልብ በፍጥነት የምትመታውም ጥቂቶቹን ደጋግማ ለማመላለስ ነው።

ሦስተኛው የልብ ድካም ነው። በሀገራችን ወጣቶችን ከሚያጠቁት የልብ ሕመሞች አንዱ በጊዜው ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት በኋላ የሚከተለው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የልብ በር ሲጠብ ደሙ ወደፊት እንደልቡ አያልፍም። የተገደበ ወንዝ ወደ ኋላው እንደሚሞላ ሁሉ ግፊቱ ወደ ሳንባ ይመለስና ፈሳሽ ወደ አየር ከረጢቶች ይሰርጋል። በሽተኛው ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው፣ በትራስ ተደግፎ ቀና ሲል የሚቀለው ለዚህ ነው።

አራተኛው በደጋው ብርድ ምክንያት በየቤቱ የሚያደባ ጠላት ነው፤ የከሰል ጭስ። ከሰል በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ጠፍቷል ማለት አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። ይህ ጋዝ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ቦታውን ከመቀማቱም ሌላ፣ የተረፈው ኦክስጅን ከሄሞግሎቢኑ በቀላሉ እንዳይላቀቅ ያደርጋል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ ይጀምራል፤ ተኝቶ የነበረ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው። ስለዚህ በዝግ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት በየትኛውም ከፍታ የተከለከለ መሆን አለበት፤ አስቀድሞ በአምባው ጠርዝ ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ ይበልጡን።

ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ

ከ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ሰው ጣት ላይ የሚሰካውን ፐልስ ኦክሲሜትር አውቆታል። የመሣሪያውን መሠረተ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 ይፋ ያደረገው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ነው። አሠራሩ ቀላልና ውብ ፊዚክስ ነው። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል፤ አንዱ የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነ ቀይ ብርሃን፣ ሌላው በ940 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለ ዓይን የማያየው ታኅተ ቀይ ነው። ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢን ቀዩን ብርሃን እምብዛም አያስቀርም፤ ያልተሸከመው ግን በብዛት ይውጠዋል። ታኅተ ቀዩን በተመለከተ ነገሩ ይገለበጣል። ሥጋ፣ አጥንትና ቆዳም ብርሃን ይውጣሉ፤ ነገር ግን ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው በደም ቅዳ ውስጥ ያለው ደም ብቻ ነው። መሣሪያው የሚለዋወጠውን ክፍል ለይቶ የሁለቱን ብርሃኖች ንጽጽር ያሰላል።

ፊዚክሱን የተረዳ ሰው የመሣሪያውን ድንበርም ያውቃል። የሚለካው ከሦስቱ ተባዢዎች አንዱን፣ ሙሌቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ከባድ ደም ማነስ ያለባትን ወላድ «98 በመቶ» ብሎ ሊያልፋት ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመ ሄሞግሎቢን ለቀይ ብርሃን ኦክስጅን የተሸከመ ስለሚመስል በከሰል ጭስ የታፈነ ሰው ላይም ደህና ቁጥር ያሳያል። በብርድ የደነዘዘ ጣት የልብ ምቱ ስለሚደክምበት ንባቡ ይዛባል፤ የጠቆረ እንሶስላ ወይም ወፍራም የጥፍር ቀለምም ብርሃኑን ሊያውክ ይችላል። ጣቱን ማሙቅ፣ ካልሆነም ሌላ ጣት መምረጥ ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ መሣሪያው ደህና ነው እያለ ደማቸው ሲመረመር ግን የኦክስጅን እጥረት የተገኘባቸው ጥቁር ሕመምተኞች ድርሻ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነበር። ጥቁር ቆዳ ብርሃንን የሚውጥበት መጠን በመሣሪያው ቅመራ ላይ በበቂ ሁኔታ አልታሰበበትም ነበር። ይህ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም፤ መሣሪያው በእኛም ጣት ላይ ይሰካል።

መሣሪያው ቀርቶ ዓይናችንም ድንበር አለው። የምላስና የከንፈር መሰማየት የሚታየው በትናንሽ የደም ሥሮች ውስጥ በዴሲሊትር 5 ግራም ያህል ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ሲያጣ ነው። ሄሞግሎቢኑ በጠቅላላው 7 ግራም የሆነ ሰው እዚያ ለመድረስ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ኦክስጅኑን ማጣት ይኖርበታል። ምላሱ አልጠቆረም ብሎ መጽናናት እንግዲህ አይገባም። በአንጻሩ ሰዓት ያለው ሰው ሁሉ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ፤ የሕፃኑን እስትንፋስ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን እስትንፋስ ይባላል። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

የአምባራስ እንቆቅልሽ

እስካሁን በ3500 ሜትር ያሰላነው ለመጤ ሰው ነው። እዚያው ተወልዶ ስላደገውስ ምን ማለት ይቻላል? ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎችን ወደ ስሜን ደጋግሞ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመ ጥናት ሃሪሰንና ባልደረቦቹ ቆላማውን አዲአርቃይንና ደጋማውን ደባርቅን አነጻጽረው ነበር። ይበልጥ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንትያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ነው፤ ከጥናቱ አዘጋጆች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አምሃ ገብረመድኅን ነበሩ። ተመራማሪዎቹ በአምባራስ አካባቢ በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው አማካይ ሄሞግሎቢናቸው ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ሆኖ አገኙት። ይህ የባሕር ወለል ሰው ቁጥር ነው!

ግርምቱ የሚገባን ከሌሎቹ ደገኞች ጋር ስናነጻጽረው ነው። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ዝቅተኛውን ሙሌት የሚያካክሱት ሄሞግሎቢናቸውን በማብዛት ነው። ይህ መፍትሔ ግን ዋጋ አለው፤ የወፈረ ደም ለመፍሰስ ያስቸግራል፣ ልብንም ያደክማል። ከልክ ሲያልፍ ፔሩያዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንጌ እ.ኤ.አ. በ1925 የገለጸው ሥር የሰደደ የተራራ በሽታ ይሆናል። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸውን ሳያበዙ ከዝቅተኛ ሙሌት ጋር ይኖራሉ። የስሜን ሰው ሦስተኛ መንገድ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጡ የዘረ መል ጥናቶችም የኢትዮጵያ ደገኞች መላመድ በቲቤት ከታየው በተለየ የዘረ መል መንገድ የመጣ መሆኑን ጠቁመዋል። ግፊቱ 58 ገደማ ሊሆን በሚገባው ቦታ ሙሌቱ እንዴት 95 እንደደረሰ ግን እስካሁን የተቋጨ መልስ የለውም።

የማን ልክ ነው ልኩ?

ነገሩ የምሁራን ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን በአንድ ስሌት እናሳይ። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ ከ12 ግራም፣ ወንድ ደግሞ ከ13 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ አለ ይላል። ከፍታ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ግን ወሰኑ ከፍ ይደረጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው መመሪያ መሠረት በ3500 ሜትር የሚጨመረው 2.7 ግራም ነበር። እንግዲህ የአምባራስ ሴት ወሰን 14.7 ሊሆን ነው። የጤነኞቹ አማካይ 15.0 በሆነበት መንደር ወሰኑን 14.7 ላይ ማድረግ ከአማካዩ ጥቂት ዝቅ ያለችውን ሴት ሁሉ በሽተኛ ብሎ መመዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው መመሪያ ጭማሪውን በዚህ ከፍታ በጥቂቱ ቢቀንሰውም መሠረታዊው ጥያቄ አልተነሣም። ደሙን በማብዛት ለሚላመድ ሕዝብ የሚገጥም ማስተካከያ፣ እንደዚያ ለማይላመደው ሕዝብ ልክ ሊሆን አይችልም።

በኦክስጅን አሰጣጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምክር እስከ 2500 ሜትር ለሚኖሩ ሕፃናት የሙሌት ወሰኑ 90 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ 87 በመቶን መጠቀም እንደሚቻል ይገልጻል። ምክንያቱ ኦክስጅን ውድ በሆነበት ቦታ ጤነኛውን ከታማሚው ለመለየት ነው። ነገር ግን የስሜን ልጅ በጤናው ጊዜ ሙሌቱ እንደ ወላጆቹ ከፍ ያለ ከሆነ፣ 88 በመቶ ላይ ሲደርስ ከሌላው ደገኛ ልጅ ይልቅ ብዙ ወርዷል ማለት ነው። በአንዱ ተራራ «ይጠብቅ» የሚያሰኝ ቁጥር በሌላው ተራራ «አሁኑኑ ይሰጠው» ሊያሰኝ ይችላል።

መፍትሔው መመሪያውን መጣል አይደለም። መመሪያው የተሠራው ብዙ ሕይወት ለማዳን ነው፤ የጤና ባለሙያም በሥራ ላይ ባለው መመሪያ መሠረት ያክማል። መፍትሔው የራስን ልክ መለካት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የሕዝብ ጤና ክትትል ጣቢያ አለው። ከጎንደር እስከ ስሜን አናት ባሉት መንደሮች የጤነኛ ሕፃናትን፣ እናቶችንና አረጋውያንን ሄሞግሎቢንና ሙሌት በየከፍታው መዝግቦ ማስቀመጥ ከአቅም በላይ አይደለም። የሚያስፈልገው ጥሩ መሣሪያ፣ የግፊት መለኪያና ጥንቃቄ የተሞላበት አመዘጋገብ ነው። ለዚህ ሥራ የነርስነቱ፣ የሕክምናውና የፊዚክሱ ተማሪ አብረው መውጣት አለባቸው።

እስከዚያው ድረስ ግን የዛሬው ተማሪ አንድ ልማድ ቢይዝ ይበቃዋል። በመሣሪያው ላይ ቁጥር ባየ ጊዜ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ፦ ይህ ቁጥር ከሦስቱ ተባዢዎች የትኛውን ይለካል? በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነኝ? «መደበኛ» የተባለውስ ልክ ከማን ተወስዷል? ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሕፃኑ ግን ትንፋሽ ካጠረው ማመን የሚገባው ሕፃኑን ነው።